መድኃኒቱን አትጣሉ፦ «የአእምሮ ሕመም መነሻው ሆድ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

«የአእምሮ ሕመም መነሻው ሆድ ነው» የሚል ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። ለእኔ የላከችልኝ ወንድሟ ስኪዞፍሬንያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ከእውነታ የሚያርቅ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለበት ጓደኛዬ ናት። ከሥሩ «ታዲያ መድኃኒቱን እናስቁመው እንዴ?» ብላ ጠይቃለች። እንደ እሷ የሚጠይቅ ሌላም ሰው ስለማይጠፋ ነው በይፋ ምላሽ መጻፍ የፈለግኩት።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። «የደስታ ቅመም» የሚባለው ሴሮቶኒን 90 በመቶው የሚመረተው ሆድ ውስጥ ስለሆነ ስኪዞፍሬንያም፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ባይፖላርም ከአንጀት ይጀምራሉ። የታማሚዎች የአንጀት ባክቴሪያ ከጤነኛ ሰው የተለየ መሆኑ ለዚህ ማረጋገጫ ነው። አባቶቻችን እንጀራ በልተው፣ በየጊዜው ኮሶ ጠጥተው ስለኖሩ እነዚህን ሕመሞች አያውቋቸውም ነበር። ስንዴ አእምሮን ይመርዛል፣ ጤፍ ያድናል። ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማል ተብሎ የሚወሰድ ሕያው ባክቴሪያ) ባይፖላርን እንደሚያድን አሜሪካ ውስጥ ተረጋግጧል። የሐኪም መድኃኒት ግን አንጀትን ስለሚያበላሽ ቀስ በቀስ ተትቶ በጾም፣ በኮሶና በፕሮባዮቲክ መተካት አለበት።

ስም ስላልሰፈረበት «ጸሐፊው» እያልኩ እቀጥላለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

እውነት ያለበት ቦታ

ጸሐፊው ከመሬት ተነሥተው አልጻፉም። በሽታ የመከላከል አቅማችንና አእምሯችን እንደሚገናኙ የሚያሳይ ማስረጃ ሞልቷል። እንዲያውም ጠንካራ ጠንካራውን ሳያነሡት ቀርተዋል።

ከመቶ ዓመት በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ የአእምሮ ሆስፒታሎች አንድ ዓይነት ሕመምተኛ በብዛት ያስተኙ ነበር። ሰውየው በጎልማሳነቱ ጠባዩ ይለወጥበታል። ንጉሥ ነኝ፣ ባለጸጋ ነኝ ይላል። ከዚያ መናገርና መራመድ እያቃተው ሽባ ሆኖ ይሞታል። በ1913 ኖጉቺና ሙር የተባሉ ተመራማሪዎች የእነዚህን ሰዎች አንጎል መርምረው የቂጥኝን ተሕዋስ አገኙ። እብደት ተብሎ የተመዘገበው ነገር ያልታከመ ቂጥኝ ነበር። ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ኦስትሪያዊው ሐኪም ዋግነር ያውሬግ እነዚህን ሰዎች ሆን ብሎ ወባ እያስያዘ በትኩሳቱ ያክማቸው ነበር። ለዚህም በ1927 የኖቤል ሽልማት ወስዷል። ወባ መድኃኒት የነበረበት ዘመን ነበር ቢባል የቆላ ሰው ያምን ይሆን?

ወደ እኛ ዘመን እንምጣ። በ2007 ጆሴፕ ዳልማው የሚመራው ቡድን አንድ ሕመም ለይቶ አወጣ። የሚይዘው በአብዛኛው ወጣት ሴቶችን ነው። በቀናት ውስጥ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰው ሁሉ ሊያጠፋኝ ነው ማለት፣ መረበሽ ይጀምራቸዋል። ቀጥሎ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋቸዋል፣ ከዚያ ይደነዝዛሉ። ሰይጣን ያዛት ለማለት የሚቀድመው የለም። ምክንያቱ ግን የገዛ ሰውነታቸው መከላከያ አንጎል ውስጥ ያለውን ኤንኤምዲኤ የሚባል የመልእክት ተቀባይ ማጥቃቱ ነው። ብዙዎቹ ላይ መነሻው ኦቫሪ ላይ ያለ እጢ ሆኖ ይገኛል። እጢው ወጥቶ መከላከያውን የሚያበርድ መድኃኒት ሲሰጥ አብዛኞቹ ይድናሉ።

ዴንማርክ ደግሞ የመላ ሕዝቧን የሕክምና መዝገብ አያይዛ ስለምታስቀምጥ እንዲህ ያለ ነገር ለማጥናት ታመቻለች። በ2011 የወጣ ጥናት በኢንፌክሽን ምክንያት ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅ ሰው በኋላ ስኪዞፍሬንያ የመያዝ ዕድሉ በ60 በመቶ ከፍ ብሎ አገኘው። መከላከያቸው ራሱን ሰውነታቸውን የሚያጠቃባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ በ29 በመቶ ከፍ ብሏል። 60 በመቶ ሲባል ያስደነግጣል። መነሻው ግን ትንሽ ነው፤ ከመቶ ሰው አንድ ግድም የነበረው አንድ ተኩል ግድም ይሆናል ማለት ነው። ኢንፌክሽን ይዟቸው ሆስፒታል የተኙት እጅግ ብዙዎቹ በስኪዞፍሬንያ አልታመሙም።

በ2016 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የስቲቨን ማካሮልና የቤት ስቲቨንስ ቡድን ሲ4 የሚባል ዘረ መል ላይ ደረሰ። ሲ4 የበሽታ መከላከያ ዘረ መል ነው። ሥራው ለማስወገድ በሚፈለግ ነገር ላይ ምልክት ማድረግ ነው። አንጎል ውስጥ ሲሠራ ደግሞ በነርቭ ሴሎች መካከል ያሉ መገናኛዎች ላይ «ይቆረጥ» የሚል ምልክት ያደርጋል። በጉርምስና ዕድሜ ሁላችንም የማያስፈልጉ መገናኛዎች ይገረዙልናል። ከመጠን በላይ የሚሠራ የሲ4 ዓይነት የወረሰ ሰው ግን በስኪዞፍሬንያ የመታመም ዕድሉ ከፍ ይላል። ሕመሙ ለምን በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ብቅ እንደሚል ለመረዳት ይህ ትልቅ ፍንጭ ሰጥቷል።

አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ኔዘርላንድስ ውስጥ አንድ ሰው ለደም ካንሰሩ መቅኔ የተለገሰው ስኪዞፍሬንያ ካለበት ወንድሙ ነበር። ከንቅለ ተከላው በኋላ ለጋሹ ላይ እንደነበረው ያለ ሕመም ያዘው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ስኪዞፍሬንያ የነበረበት ወጣት ለደም ካንሰር መቅኔ ተተክሎለት የአእምሮ ሕመሙ ምልክቶች ጠፉለት። መቅኔ ማለት የመከላከያ ሴሎች መፈልፈያ ነው። የሁለት ሰው ታሪክ ነውና ሕግ አይወጣበትም፤ ወንድማማቾቹም ዘር ይጋራሉ። ግን እንደሰማሁት እንቅልፍ ነስቶኛል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እያለ ጸሐፊውን ለምን እቃወማለሁ? ከፍንጭ ወደ ፈውስ ያለው መንገድ ረጅም ስለሆነ ነው። ብግነትን (የሰውነት መከላከያ ሲነሣ የሚመጣውን መቆጣት) ያበርዳል የተባለው ሚኖሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በሕመማቸው የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ላሉ 207 የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎች ለአንድ ዓመት ተሰጥቶ ውጤቱ በ2018 ወጣ። ለማነጻጸሪያ ከተሰጠው መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን የተሻለ ነገር አላመጣም። የላብራቶሪው ሐሳብ ያማረ ነበር፤ ታማሚው ግን አልተሻለውም።

ሴሮቶኒኑ

አብዛኛው ሴሮቶኒን አንጀት ውስጥ ይመረታል የሚለው ትክክል ነው። ችግሩ ያ ሴሮቶኒን አንጎል አይገባም። በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር አያሳልፈውም። አንጎል የራሱን ሴሮቶኒን ራሱ ይሠራል። የአንጀቱ ሥራ ምግብን ማንቀሳቀስ፣ ማስመለስ፣ ማስቀመጥ የመሳሰለው ነው። ደግሞም ስኪዞፍሬንያ የደስታ ማነስ አይደለም። መድኃኒቶቹም በአብዛኛው የሚሠሩት ዶፓሚን በሚባለው ሌላ ኬሚካል ላይ ነው።

አንጀትና አንጎል በሌላ መንገድ አይገናኙም ማለቴ አይደለም። ቫገስ የሚባለው ነርቭ ከክሮቹ 80 በመቶ ያህሉ መልእክት የሚወስዱት ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ነው። ባክቴሪያዎቹ የሚያመርቷቸው ነገሮችም ደም ውስጥ ገብተው የመከላከያ ሴሎችን ያነቃሉ ወይም ያረጋጋሉ። መከራከር ካስፈለገ በእነዚህ መከራከር ይሻላል።

«የታማሚዎች ባክቴሪያ የተለየ ነው»

አዎ፣ ተለይቶ ይገኛል። የትኛው ቀደመ ነው ጥያቄው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ሲጋራ ያጨሳል፣ አመጋገቡ ይዛባል፣ እንቅልፉ ይረበሻል፣ ይደኸያል፣ መድኃኒት ይወስዳል። እያንዳንዱ የአንጀትን ባክቴሪያ ይለውጣል። መድኃኒቶቹ ራሳቸው፣ በተለይ ኦላንዛፒን፣ የአንጀት ባክቴሪያን እንደሚለውጡ በአይጦች ላይ ታይቷል።

ጸሐፊው የጠቀሱት የቻይና ጥናት በ2019 የወጣ ነው። ከታማሚዎች ሰገራ የተወሰደ ባክቴሪያ ምንም ባክቴሪያ ሳይኖርባቸው ላደጉ አይጦች ተሰጠ፤ አይጦቹም ከወትሮው በላይ ተንቀሳቀሱ፣ በቶሎ ደነገጡ። ጥሩ ጥናት ነው። ግን አይጥ የሌለ ድምፅ ሰማሁ ብላ አትነግረንም። አይጧ ደነገጠች ማለት ስኪዞፍሬንያ ያዛት ማለት አይደለም።

አባቶቻችን አያውቁትም ነበር?

እዚህ ላይ ጸሐፊው የራሳችንን አገር ጥናት ቢያነቡ ኖሮ ይህን አንቀጽ ይሰርዙት ነበር።

በ1990ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው፣ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ቡታጅራ ወረዱ። በአካባቢው ቤት ለቤት እየዞሩ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን አነጋገሩ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስፋት ያለው የገጠር ጥናት ብዙ የለም። ከ1,000 ሰው ወደ 5 የሚጠጋው በሕይወት ዘመኑ ስኪዞፍሬንያ ይዞት አገኙ። ባይፖላርም በዚያው ግድም ነበር።

አሁን የቡታጅራ ገበሬ ምን ይበላል? ቆጮ ይበላል። ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታትና ለወራት ተቀብሮ የሚብላላ ምግብ ነው። ከጎመን፣ ከአይብ ጋር ይበላዋል። ፋብሪካ የነካው ምግብ ብዙም አያገኝም። ጸሐፊው የሚመኙት ዓይነት ማዕድ ማለት ነው። ሕመሙ ግን ነበር። አብዛኞቹ ታማሚዎች ደግሞ የሐኪም መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ነበሩ። ስለዚህ «መድኃኒቱ ነው ያበላሻቸው» ለማለትም አይመችም።

የቡታጅራ ታማሚዎች ታሪክ በዚያ አላበቃም። ተመራማሪዎቹ 919 ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት ያህል ተከታተሏቸው። 121ዱ ሞቱ። ከአካባቢያቸው ሰው ጋር ሲነጻጸር የሞታቸው መጠን እጥፍ ነው። የሞቱት መኖር ከሚገባቸው ሦስት አሥርት ዓመታት ግድም ቀድመው ነው። ከሞቶቹ ግማሽ ያህሉ የመጡት በተላላፊ በሽታ ነው። ራስን ማጥፋትም፣ አደጋም፣ በሰው እጅ መገደልም አለበት።

ይህን ደጋግሜ ሳነበው የምቆመው ግማሽ በሚለው ላይ ነው። ስለ በሽታ መከላከል አቅምና ስለ አእምሮ ሕመም እንነጋገር ከተባለ ከዚህ መጀመር ነበረብን። እነዚህ ሰዎች ታመው ጤና ጣቢያ ሲሄዱ «እብድ ነው» ተብለው በወጉ የማይመረመሩ ናቸው። ይራባሉ። ይታሰራሉ። ሲያስላቸው ሳንባ ነቀርሳ ይሆን ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም። ተቅማጥ ሲይዛቸው ተናግረው አያስረዱም። የሰውነታቸው መከላከያ የሚደክመው የአንጀት ባክቴሪያቸው ስላልተመጣጠነ ሳይሆን ምግብና ሕክምና ስላላገኙ ነው። ጸሐፊው የሚመክሩት ጾምና ኮሶ ደግሞ ለተራበ ሰው ነው!

ስለ እንጀራም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ስለሚስተው። ሊጡ ሲቦካ እርሾው ውስጥ ሕያው ባክቴሪያና እርሾ ሞልቶበታል። ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን እሳቱ ይጨርሳቸዋል። መብላላቱ ጥቅም የለውም ማለት አይደለም፤ የእህሉ ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት እንዲገባ ያግዛል። እንጀራ ግን ፕሮባዮቲክ አይደለም። ሕያው ባክቴሪያ የፈለገ እርጎ ይጠጣ።

ስንዴና ጤፍ

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ ፍራንሲስ ዶሃን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስንዴ ባነሰባቸው አገሮች በስኪዞፍሬንያ ሆስፒታል የሚገባው ሰው ቁጥርም መቀነሱን አስተውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች የሚያሳዩት አንድ የተወሰነ ቡድን መኖሩን ነው። ከታማሚዎቹ አንዳንዶቹ ደም ውስጥ ግሉተን በሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ላይ የሚነሣ ፀረ እንግዳ አካል ከፍ ብሎ ይገኛል። እንዲህ ያሉ 16 ሰዎችን ሜሪላንድ ውስጥ ለ5 ሳምንት ሆስፒታል አስተኝተው ግማሾቹን ከግሉተን ከለከሏቸው። የተከለከሉት ሆዳቸው ተሻለው፤ አንዳንድ የሕመሙ ምልክቶችም፣ በተለይ መፍዘዝና ፍላጎት ማጣት፣ ቀነሱላቸው። መድኃኒታቸውን ግን ማንም አላስቆማቸውም።

16 ሰው ነው። መልካም ጅምር ነው፤ ከዚህ ተነሥቶ «ስንዴ መርዝ ነው» ማለት ግን አይቻልም። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ያ እውነት ነው። ሴሊያክ (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም) ላለበት ሰው ወርቅ ነው። የጤፍ አገር የሆነው ጎጃምና ሸዋ ግን ከስኪዞፍሬንያ ነፃ ሆኖ አያውቅም። በየጸበሉ ሥፍራ በሰንሰለት ታስረው የሚታዩት ወጣቶች ዳቦ በልተው አይደለም የታመሙት።

የአሜሪካው ፕሮባዮቲክ

ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነተኛ ጥናት ይዘዋል። የጥናቱን ግማሽ ግን ሳይነግሩን ቀርተዋል።

ጥናቱ የተደረገው ባልቲሞር ውስጥ ነው፤ በፌዝ ዲከርሰን መሪነት፤ የወጣው በ2018። በማኒያ (ባይፖላር ስሜትን ከልክ በላይ ከፍ ሲያደርግ) ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 66 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። 33ቱ ፕሮባዮቲክ፣ 33ቱ ባዶ ክኒን ለ24 ሳምንት ወሰዱ። ባዶ ክኒን የወሰዱት በድምሩ 24 ጊዜ ተመልሰው ተኙ። ፕሮባዮቲክ የወሰዱት 8 ጊዜ ብቻ። ልዩነቱ በጣም የጎላው ደግሞ ሲጀምሩ ደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት ከፍ ብሎ በተገኘባቸው ላይ ነው። የሚያስደስት ውጤት ነው፤ ባንደሰት ይገርማል።

ጸሐፊው የዘለሉት ይኸውና፦ 66ቱም ሰዎች የታዘዘላቸውን የባይፖላር መድኃኒት እየወሰዱ ነበር። ፕሮባዮቲኩ የመጣው ተጨምሮ እንጂ ተተክቶ አይደለም። መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሰዎችን በፕሮባዮቲክ ብቻ ያዳነ ጥናት ሆኖ የቀረበው ጽሑፉ ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛም አለ። እነዚያው ተመራማሪዎች ከዚያ በፊት፣ በ2014፣ ፕሮባዮቲክን በስኪዞፍሬንያ ላይ ሞክረውት ነበር። 65 ታማሚዎች፣ 14 ሳምንት። በአእምሮ ሕመሙ ምልክቶች ላይ ከባዶው ክኒን የተለየ ነገር አልታየም። የተሻለው ሆዳቸው ነው፤ ድርቀታቸው ቀለል አለ። ጸሐፊው ስኪዞፍሬንያንና ባይፖላርን በአንድ አፍ እየጠሩ ስለሆነ ይህን መናገር ነበረባቸው።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው የፕሮባዮቲክ እንክብል ቤት ውስጥ ካለ፣ ባይፖላር ላለበት ሰው ሐኪሙን አማክሮ ከመድኃኒቱ ጋር መሞከሩ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። የሰውነት መከላከያቸው በጣም የደከመ ሰዎች ግን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ሕያው ባክቴሪያ ነውና ደም ውስጥ ሊገባባቸው ይችላል።

አንጀትን አጽድቶ እብደትን ማዳን

ጸሐፊው አዲስ አድርገው ያቀረቡት ይህ ሐሳብ ከመቶ ዓመት በፊት እስከ ጥግ ተሞክሯል። ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ሄንሪ ኮተን በ1907 ኒው ጀርሲ ውስጥ የትሬንተን የአእምሮ ሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። የዘመኑ ሰው ነበር። ታማሚዎችን በሰንሰለት ማሰር አስቀረ። የቂጥኙን ግኝት ሲያይ ደግሞ «እንግዲያው እብደት ሁሉ የተደበቀ ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ደመደመ። መርዙ ከተደበቀበት ቦታ ወጥቶ በደም አንጎል ይደርሳል አለ። በጥርስ ጀመረ። የታማሚዎቹን ጥርስ መንቀል ያዘ። ያልተሻላቸውን እንጥል አካባቢ ያለውን ቶንሲል አወጣ። አሁንም ካልተሻላቸው ወደ ሆድ ወረደ፤ ትልቁን አንጀት ቆርጦ ያወጣ ጀመር። አንቲባዮቲክ ያልነበረበት ጊዜ ነው። የገዛ ልጆቹን ጥርስ ሳይቀር ለመከላከያ ብሎ አስነቅሏል።

85 በመቶ አድናለሁ ይል ነበር። ጋዜጦች አወደሱት፤ ሀብታሞች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ትሬንተን ጎረፉ። አንጀታቸውን ካወጣላቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ እንደሞቱ ግን ራሱ አምኗል። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ሐኪም አዶልፍ ማየር የላኳት ፊሊስ ግሪንኤከር የተባለች ሐኪም መዝገቡን አገላብጣ ፈውሱ እንደሌለ አረጋገጠች። ሪፖርቷ ታፈነ። ኮተን በ1933 እስኪሞት ድረስ ስሙን እንደያዘ ቆየ።

ኮተን አጭበርባሪ አልነበረም፤ የሚያስፈራውም ያ ነው። አንድ እውነተኛ ግኝት ይዞ ለሁሉም ሕመም አደረገው። ጽሑፉን ሳነብ የታየኝ ያው መንገድ ነው።

«መድኃኒቱ አንጀትን ያበላሻል»

ከዚህ ውስጥ እውነት የሆነውን ሐኪሞቻችን ራሳቸው በበቂ አይናገሩትም፤ ስለዚህ ጸሐፊው ቢናገሩት አልከፋም። ኦላንዛፒን ያወፍራል፣ ስኳርም ያመጣል። ክሎርፕሮማዚን ሆድ ያደርቃል። እጅ እንዳይንቀጠቀጥ ተብሎ የሚጨመረው አርቴን የባሰ ያደርቃል። ክሎዛፒን ደግሞ አንጀትን እስኪያቆም ሊያደርስ ይችላል፤ በዚህ የሞቱ ሰዎች አሉ። የአሜሪካው የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2020 ማስጠንቀቂያውን ያጠበቀው ለዚህ ነው። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ለቀናት ካልተቀመጠ፣ ሆዱ ከተነፋና ካስመለሰው ቀጠሮ አይጠበቅለትም፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ይወሰድ። የአንጀትና የአእምሮ ሕመም ግንኙነት እዚህ ላይ ሰው ይገድላል። ጽሑፉ ውስጥ ግን ስለ ድርቀት አንድ ቃል የለም።

ከዚህ ወደ «ተዉት» መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው። በ2012 የወጣ ትልቅ ትንተና 65 ሙከራዎችንና ከ6,400 በላይ የስኪዞፍሬንያ ታማሚዎችን አንድ ላይ አይቷል። በአንድ ዓመት ግድም ውስጥ መድኃኒት እየወሰዱ ካሉት ሕመሙ ያገረሸባቸው 27 በመቶ ናቸው። ወደ ባዶ ክኒን ከተቀየሩት 64 በመቶ። ማገርሸት ሲባል ቁጥር ብቻ አይደለም። ሥራ ማጣት ነው፣ ትምህርት ማቋረጥ ነው፣ መንገድ ላይ መጥፋት ነው፣ አንዳንዴም ሞት ነው።

መድኃኒቱ ካልተስማማው መፍትሔ አለ። መጠኑ ይቀነሳል፣ በሌላ ይለወጣል፣ ለድርቀቱ ማለስለሻ ይታዘዛል፤ ውኃ፣ ጎመን፣ ምስር፣ የእግር መንገድም ይረዳሉ። ይህን የሚያደርገው ያዘዘው ሐኪም ወይም የሳይካትሪ ነርስ ነው። ክብደቱን፣ ስኳሩን፣ የደም ግፊቱን እንዲለኩለት መጠየቅ መብቱ ነው። ቤተሰብም ይጠይቅለት።

ጾሙና ኮሶው

የመጨረሻው ምክራቸው በጣም ያስፈራኝ ነው፤ በተለይ ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት ለሚወስድ ሰው።

ሊቲየም የሚወጣው በኩላሊት ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ሊቲየሙን ይይዘዋል፣ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። በልኩና በብዛቱ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ጠባብ ነው። ኮሶ ጠጥቶ ቀኑን ሙሉ ያስቀመጠው ሰው፣ ወይም ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጾመና ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ሊቲየም ከወሰደ ሊመረዝ ይችላል። እጁ በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንደሰከረ ይንገዳገዳል፣ ንግግሩ ይያያዛል። ማስመለሱንና ተቅማጡን ያየ ሰው «ኮሶው እየሠራ ነው» ሊል ይችላል። በዚያ ሰዓት ሊቲየሙ ቆሞ ሰውየው ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለበት።

አባቶቻችን ኮሶ የጠጡት ጥሬ ሥጋ ስለሚበሉና የኮሶ ትል ስለሚይዛቸው ነው። ለትል ሠርቶላቸዋል። ዛሬ ለዚያም የተሻለ ክኒን አለ።

መጾም የሚፈልግ ታማሚ የነፍስ አባቱንም ሐኪሙንም ያማክር። ቤተ ክርስቲያን የታመመን ሰው አታስገድድም፤ በእስልምናም ለታመመ ሰው ጾም ይቅርታ አለው። አንዳንድ መድኃኒት ከማታው ምግብ ጋር ሊወሰድ ይችላል፤ ሰዓቱን የሚያዛውረው ሐኪሙ ይሁን እንጂ። ጸበል የሚገባም ክኒኑን ይዞ ይግባ።

ሊቲየም የሚወስድ ሰው ለራስ ምታትም ለወገብም ብሎ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ እንዳይውጥ፤ እነሱም ሊቲየሙን ከፍ ያደርጉታል። ፓራሲታሞል ይሻለዋል።